ጋሻ ያነሳው ሻምበል

ጥቅምት 8

ይድረስ ፎቅ ለፎቅ ሲወጣ ሲወርድ ለሚውለው ወንድምዓለሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ብርዱስ? ሊፍት ጠጋኝ ሆነህ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ መከራየትህን ባሰብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠብቅልኝ። እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። መነጽሬ ስለተሰበረ ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ጽሑፉ ካማረህ ምስጋናው የእሷ ነው።

ካርዷን አብሬ ልኬልሃለሁ። የምታደርስልህ እንደ ልማዷ የበረራ አስተናጋጇ ደንበኛዬ ናት። ፀጉር ሠሪዋ ካርዷን አገላብጣ አየችና «ማስቲካ ለምታክል ነገር ነው ይሄ ሁሉ ደብዳቤ?» አለችኝ። ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። የእህትማማች ልጆች መሆናችንን፣ በአንድ ቤት አድገን በአንድ ጌም ማጫወቻ ስንጣላ መኖራችንን፣ አንተ ውጭ አገር ስትሄድ ለራስህ ሌላ ማጫወቻ ብትገዛም ሜሞሪ ካርዷ ግን አንዲት ብቻ እንድትሆን መስማማታችንን ነገርኳት። አንዱን ምዕራፍ አንተ ተጫውተህ፣ ሴቭ አድርገህ ትልክልኛለህ፤ ቀጣዩን እኔ ተጫውቼ እመልስልሃለሁ። ሻምበል የምንለው ጀግናችን ከሁለታችንም ይበልጥ ሰማይ ለሰማይ በርሯል አልኳት።

«ታዲያ አንዳችሁ ለምን አትጨርሱትም?» አለች። አየህ፣ የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቀው። የመጨረሻውን በር አብረን ቁጭ ካላልን አንከፍትም ብለን ቃል ተገባብተናል አልኳት። ሳቀችብኝ። (አዎ፣ ስቄያለሁ። — ጸሐፊዋ)

ሻምበል አሁን ያለው ድልድዩ ላይ ነው። ያ በሩን የሚጠብቀው ባለ ዱላ ግዙፍ፣ አንተ «አከራይ» ብለህ ስም ያወጣህለት፣ አላሳልፍም ብሎ ድርቅ ብሏል። በዚህ ተራ እኔ ብዙም አልሄድኩም። አንተ ሞክረው፤ ለቅቄልሃለሁ።

የስፌት ሥራው እንደሆነ በሽ ነው። ደንበኛ እየመለስኩ ነው። ዘንድሮስ ትመጣለህ ወይስ ፈቃድህን ማጠራቀም ነው? በጌሙም እንዲሁ ነህ፤ መድኃኒቱን ሁሉ ለክፉ ቀን ብለህ ሳትጠጣው ሻንጣው ሊፈነዳ ደርሷል።

አክባሪህ እታለም

ኅዳር 21

ውድ እታለም፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ዛሬ አታገኚም፤ ተቀይሜሻለሁ።

ካርዷ የደረሰችኝ ቅዳሜ ነው። ደረጃውን እያለከለክሁ ወጥቼ፣ የሥራ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ማጫወቻውን ከፈትኩ። ሻምበል ድልድዩ ላይ ቆሟል። አየሁት፤ የሌላ ሰው ካርድ የመጣልኝ መሰለኝ። ከራሱ እስከ እግሩ ብረት ለብሷል። በግራ እጁ የበር ሳንቃ የሚያክል ጋሻ ይዟል። ሁለቱ አጫጭር ጎራዴዎችሽ ሻንጣው ውስጥ ታች ተወርውረዋል።

ጋሻ? አንቺ? እኔ ጋሻ ባነሳሁ ቁጥር «ምነው፣ ዝናብ መጣ እንዴ?» እያልሽ ስትስቂብኝ የኖርሽው ሰው? አጨዋወትሽን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ እኮ። ቀለል ያለ ልብስ፣ ሁለት ጎራዴ፤ ጠላት ዱላውን ሲያነሳ በሥሩ ተንከባልለሽ በኋላው ብቅ ትያለሽ። ስንት ጌም፣ ስንት ጀግና ስንቀያይር ይሄ አልተቀየረም። እኔ ገና በሩን ስከፍት «ብረት ልልበስ ወይስ ቆዳ» እያልኩ ስማከር አንቺ ጠላትን ገድለሽ ዕቃውን እየለቀምሽ ነው። ሰው አረማመዱ ከሩቅ እንደሚታወቅ፣ ያንቺንም ሻምበል ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሥራዬ ነው፤ ሊፍት ሲቆም ተከራዮቹ የሚሉኝን ከመስማቴ በፊት ገመዱን ነው የማየው። ጆይስቲኩ ላይ ጋሻ የሚያነሳው የግራ እጅ ጣት ነው። መንከባለል ግን የቀኝ አውራ ጣት ሥራ ነው። ቀኝ አውራ ጣቱ እንቢ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ብረት ይለብሳል፣ ጋሻ ያነሳል፣ እየተመታ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ደግሞ ካርዷ ሁልጊዜ የምትመጣልኝ ከጨርቅ ቁራጭ በሰፋሻት ከረጢት ነበር። አሁን በፕላስተር ተጠቅልላ መጣች። መነጽር የተሰበረበት ሰው ጋሻ አያነሳም!

ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ? «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብለሽ በሰው እጅ አስጽፈሽ ዋሸሽኝ። ፀጉር ሠሪዋንም ታዝቤያታለሁ።

አከራዩን አልነካሁትም። ምዕራፍሽን ሳትጨርሺ ነው የላክሽልኝና ተራው ገና ያንቺ ነው፤ ካርዷን መልሻታለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ፤ በግራሽም ቢሆን።

ወንድምዓለምሽ

ታኅሣሥ 27

ለነገረኛው ወንድምዓለሜ፤

ይህን በግራዬ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረችው ከመሰለህ ልክ ነህ። ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። እጄ ደከመ።

(እኔ ነኝ፣ ፀጉር ሠሪዋ። አልዋሸሁም፤ የተባልኩትን ጻፍኩ። መነጽሩም በእርግጥ ተሰብሯል፤ አብሯት ነው የወደቀው። ከዚህ በኋላ ያለው ቃሉ የእሷ፣ እጁ የእኔ ነው።)

በዝናቡ ሰሞን የሱቁን ደረጃ ወልውዬ፣ ሳይደርቅ ራሴው ረገጥኩት። ያው ለሌላ ሰው «ተጠንቀቅ» እያልኩ ነበር። በቀኝ እጄ ተደግፌ ወደቅሁና አንጓዬ ተሰበረ። ጄሶው ተፈትቷል፤ አጥንቱም ገጥሟል ብለውኛል። ጣቶቼ ግን የሌላ ሰው ጣት ይመስሉኛል። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ፊት ለፊት እየተያዩ አይነጋገሩም። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል። ልብስ ሰፊ ግን መርፌ የምትይዘው በነሱ፣ መቀስ የምታዞረው በነሱ ነው። ደንበኛ እየመለስኩ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ሥራ ተውኩት። የሙሽራ ቀሚስ ይዛ የመጣችውን ልጅ ሌላ ሰፊ ጋ ላክኋት፤ ስትወጣ አለቀስኩ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እስከ ክረምቱ መግቢያ ካልተፍታታ እንዲሁ ሊቀር ይችላል ብላኛለች። እንዲህ ከቀረ ሱቁን ለፀጉር ሠሪዋ እለቅላታለሁ፤ የሷ ጠባብ ነው፣ ግድግዳውን አፍርሳ ታሰፋዋለች። (አልፈልግም ብያታለሁ። ይሰመርበት።)

ለምን አልነገርሽኝም አትበለኝ። አንተ ሰማይና ምድር መሃል በገመድ ላይ የምትውል ሰው ነህ። የኔን እጅ እያሰብክ የራስህን እግር ብትስት ምን ይውጠኝ ነበር? ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። በሻምበል ጋሻ ታውቅብኛለህ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም! ደብዳቤህን ስታነብልኝ ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር ትታ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ያዘኝ። ከእናቶቻችን ወዲህ እንዲህ አድርጎ ያወቀኝ ሰው የለም። ተመስገን ነው።

ባለሙያዋ ስፖንጅ ሰጥታኛለች፤ ጨብጪ፣ ልቀቂ ትለኛለች። ያለ ምንም ምክንያት ስፖንጅ መጨበጥ እንዴት እንደሚሰለች! ጨብጬ ጨብጬ ማንም አይወድቅ፣ ማንም አይነሳ። ጌሙ እኮ እንዲህ አይደለም። እኔ ሰው የሚፋለምበትን ጌም የምወደው ደም ስለምወድ አይደለም፤ ታውቀኛለህ፣ ዶሮ ሲታረድ የምሸሽ ሰው ነኝ። የምወደው ስትሸነፍ ምን እንዳጠፋህ በግልጽ ስለሚያሳይህ ነው። ቸኩለሃል፣ ወይም ፈርተሃል፣ ወይም ሆዳም ሆነህ አንድ ምት ልጨምር ብለሃል። ታስተካክላለህ፣ ትመለሳለህ። የተመታህበት ሁሉ ደግሞ የትም አይጠፋም፤ ተጠራቅሞ ደረጃ ያሳድግሃል። ስፖንጁ ግን ደረጃ የለውም።

ጋሻውን አልወደድኩትም፤ አምላክ ምስክሬ ነው። ከጋሻ ጀርባ ሆኖ መጫወት ዝናብ እስኪያባራ በረንዳ ላይ መቆም ነው።

እታለምህ

ጥር 19

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ እታለሜ፤

እንደምን አለሽ? እጅሽስ? የቀኝሽንም የግራሽንም ለየብቻ ጠይቂልኝ። ለፀጉር ሠሪዋ ቅያሜዬን አንስቻለሁ፤ ቅንፎቿንም ወድጄያቸዋለሁ። ግድግዳው ባለበት ይቁም።

ስሚኝ። ስፖንጁን አትተዪ፤ ባለሙያዋን አክብሪ። እሷን አስፈቅደሽ ግን አከራዩን ሁለተኛ ስፖንጅ አድርጊው። ይሄን የምልሽ ዝም ብዬ አይደለም፤ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ፣ ካርዷን ከመላኬ በፊት በደንብ ተመልክቼዋለሁ፤ ሳልመታው፣ እየሸሸሁ። ሊመታ ሲል ግራ ትከሻውን ያነሳል። ሁልጊዜ። ያኔ አንዴ ብቻ ተንከባለይ፤ ከቻልሽ። ካልቻልሽ ሙቺ። እዚያ ሞት በነጻ ነው። ሴቭ የተደረገው ድልድዩ አጠገብ ስለሆነ ወዲያው ትመለሻለሽ። መምታቱ ይቆይሽ፤ አውራ ጣትሽ መንከባለልን ብቻ ይልመድ። ሲያምሽ አቁሚ። ብረቱንም አውልቂው፤ በክብደት ቀልድ የለም፣ እኔ ሥራዬ ክብደት ነው፤ ብረት የለበሰ ሰው አይንከባለልም፣ ይወድቃል።

መድኃኒቱን ደግሞ ጠጪው። ሁሉንም! ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው፤ ለክፉ ቀን እያልኩ። ክፉ ቀኑ ይሄ ካልሆነ የትኛው ነው? በየተራዬ አንድም ጠርሙስ ሳልነካ፣ እየሞትኩ፣ ያንቺን ስድብ እየሰማሁ ያቆየሁት ላንቺ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና እንዳትስቂብኝ። ትዝ ይልሻል፣ አንቺ ኮሌታ እየቆረጥሽ እኔ እግርሽ ሥር ተቀምጬ ስጫወት? ከጨርቁ ቀና ሳትይ «እጁን አትይ፣ ትከሻውን እይ፤ ሰው በእጁ ከመምታቱ በፊት በትከሻው ይናገራል» አልሽኝ። ለሱሪ ልኬት ስትወስጂ የተማርሽው ነው፤ ደንበኛው ሆዱን ሲስብ ትከሻው ያሳብቅበታል ትይ ነበር። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ቋንቋ አልችልም፤ ሰው አላውቅም። አለቃዬ ሲናገረኝ ትከሻውን አይ ነበር። ቁጣ ይሁን ድካም ይለይልኝ ነበር። በሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ስንፈታ ጓደኛዬ ሊለቅ ሲል ከቃሉ በፊት ትከሻው ይነግረኛል፤ አንድ ቀን በዚያ ምክንያት ጣቴ ተርፏል። አንቺ በጨዋታ መሃል የወረወርሽው ቃል ነው ይሄን ሁሉ ያሻገረኝ።

ብቸኝነቱ ሲብስብኝም ካርዷ ነበረች። ከሥራ ገብቼ ሻምበልን ሳየው፣ አንቺ ያቆምሽው ቦታ፣ አንቺ የመረጥሽለት ጓንት፣ አንቺ ለመንደሯ አሮጊት አድርሰሽላት የመጣሽው የጠፋ ድመት! ድመቷን የሚያደርስ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ለሽልማቱ እንኳ አይረባም። በባዶ ቤት «ወይ እታለም!» ብዬ እስቅ ነበር። ለዚህ ሁሉ አመስግኜሽ አላውቅም። አመሰግንሻለሁ።

ወንድምዓለምሽ

መጋቢት 25

እታለም፤

ሰላም ነሽ ወይ? ደብዳቤ የለ፣ ካርድ የለ። የበረራ አስተናጋጇ «ሱቁን ተዘግቶ አየሁት፤ በሳምንቱ ስመለስም እንዲሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኜ ሐሳቤ ካንቺ ጋ ነው። የፈራሽው ደረሰ ማለት ነው። ትከሻሽን ባየሁ ኖሮ ያለ ደብዳቤ እረዳ ነበር። ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ ትከሻ ግን የለም።

እጅሽ ከቀረም ይቅር። ሱቁን ብትለቂም አላዝንብሽም። አንቺ ማለት ሱቅሽ አይደለሽም። ሻምበልን ጋሻ አስይዘን እንቀጥላለን፤ በረንዳም ላይ ቢሆን አብረን እንቆማለን። ብቻ ዝም አትበዪኝ።

አንድ ነገር አደረግሁ። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሲጠራቀም የኖረውን አይቶ «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ልትወጣ ነው?» አለኝ። ጠርሙሶቹን ጠጪ ብዬ ጽፌልሽ የራሴን ቆልፌ መቀመጤ አሳፈረኝ። ግንቦት ሳይወጣ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ እንግዲህ ወሬ አይደለም።

ወንድምዓለምሽ

ሚያዝያ 17

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤

ይህን ከማንበብህ በፊት ካርዷን ክተትና ሻምበልን አይተህ ና። ሂድ እንጂ! እጠብቃለሁ።

አየኸው?

አዎ፣ ጋሻው የለም። ለመንደሩ ነጋዴ ሸጥኩት፤ የማይረባ ዋጋ ሰጠኝ፣ አልተከራከርኩም። ብረቱም የለም። ሁለቱ ጎራዴዎች እጁ ላይ ናቸው። የቆመውም ድልድዩ ላይ አይደለም፣ በሩ ፊት ነው። አከራዩ የለም ማለት ነው፤ ቤቱን ለቀቀ!

እንዳስጨነቅሁህ ገብቶኛል፤ ልቤ ነው የተነካው። ሱቁ የተዘጋው እጄ ቀርቶ አይደለም። ባለሙያዋ ጌሙን ስነግራት በመጀመሪያ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ፤ ኋላ ጆይስቲኩን አምጪ ብላ ጣቴ እንዴት እንደሚያርፍበት አሳየችኝ፤ ሲቆረጥምሽ አቁሚ፣ አርፈሽ ተመለሺ አለችኝ። እኔም ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገባሁና ሥራዬ አደረግሁት። ተመታሁ፤ ሞትኩ። ትከሻውን አያለሁ፣ አውራ ጣቴን አዝዘዋለሁ፣ እሱ ግን ወሬ ዘግይቶ እንደደረሰው ሰው ቆይቶ ይነቃል። ስንት ጊዜ ከድልድዩ እንደተወረወርኩ አትጠይቀኝ። ደብዳቤ ሳልልክልህ የቆየሁት በግራ እጄም በሰው እጅም መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። በቀኜ ካልሆነ አልጽፍም ብዬ ምዬ ነበር። እልኸኛ ናት በለኝ፤ ነኝ።

አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ ስለ ደንበኛዋ እያወራችኝ፣ እኔም ወደሷ ዞር ብዬ «እውነትሽን ነው?» እያልኩ፣ አከራዩ ትከሻውን አነሳ። ሻምበል ተንከባለለ። እኔ አላዘዝኩትም። አውራ ጣቴ በራሱ ሄደ። ጆይስቲኩን አስቀምጬ ጣቴን አየሁት። «አንተ ነህ?» አልኩት። ፀጉር ሠሪዋ አበደች ብላ ውሃ አመጣችልኝ። አከራዩ በዚያ መሃል ገደለኝ፤ ይግደለኝ፣ ምን አገባኝ። በማግስቱ መርፌና ክር አነሳሁ። ክሩ አልገባም። በሌላው ቀን ገባ። እልል ብዬ ጎረቤቱን አስወጣሁት።

አከራዩን የጣልኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱማ ከመርፌው ይቀል ነበር። መድኃኒትህን ጠጥቼዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት ጠርሙስ አስቀርቼልሃለሁ፤ ባዶ ሻንጣ ይዘህ በር እንደማታልፍ አውቃለሁ።

እኔን አመሰገንከኝ፤ ደብዳቤህን ትራሴ ሥር ነው ያኖርኩት። እኔ ግን ማንን ላመስግን? አንተን፣ ባለሙያዋን፣ ይቺን ቅንፈኛ ጎረቤቴን፣ ያን ባለ ዱላ ጠላቴን ሳይቀር አመሰግናለሁ። ስፖንጅ ጨብጬ ያላገኘሁትን ተስፋ በዱላ እየተመታሁ አገኘሁት። ሰዎች «በዚህ ዕድሜሽ ጌም?» ሲሉኝ ድሮ አፍር ነበር። አሁን እጄን አሳያቸዋለሁ።

ሱቁን ከፍቻለሁ። መጀመሪያ የሰፋሁት ካርዷ ያለችበትን ከረጢት ነው። ስፌቷ ትንሽ ዘምማለች፤ እንዳትፈታት፣ እንዲሁ እወዳታለሁ። ቀጥሎ ላንተ ሸሚዝ ቆረጥኩ። ገላው አልቋል፤ የቁልፍ ቀዳዳውን ሁሉ በእጄ ነው የሠራሁት። እጅጌው ግን ቀርቷል። ያንተን ክንድ ልኬት የማውቀው የድሮውን ነው፤ በዚያ ሁሉ ገመድ መሳብ ስንት እንደሆነ ስትመጣ እለካሃለሁ። ሆድህን እንዳትስብብኝ፤ ትከሻህን አያለሁ።

በሩን አልነካሁትም። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ጠግኜ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ከኔ ጎን አስቀምጬዋለሁ።

ይህን የምጽፍልህ በቀኜ ነው። እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ፤ አሁን እውነቴን ነው።

እታለምህ